ኩፍኝ የወጣባቸው ዓሦች

ጽሑፌ ሊታተም ነው! ከትናንት ጀምሮ ይህን ያልነገርኩት ሰው የለም። ለእማዬ ነገርኩ፣ ለአባባ ነገርኩ፣ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ለምትጠብቅ፣ አይቻት ለማላውቅ ሴትዮ ሳይቀር ነገርኩ። ሴትዮዋ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እደጊ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና አውቶቡሷ ላይ ወጣች። ምን እንደሚታተም ግን አልጠየቀችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ትናንት ከክፍል በኋላ ቢሮ ጠሩኝ። ስለ ቀራንዮ መንገድ ጭቃ የጻፍኩት ድርሰት በትምህርት ቤታችን መጽሔት እንዲወጣ ተመርጧል አሉኝ። እንደ ጨዋ ልጅ አንገቴን ሰበር አድርጌ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ሲገባኝ አፍንጫዬ ቀደመኝ። ጠረጴዛቸው ላይ አበባ የተቀመጠበት ብርጭቆ አለ። አበባው ጠውልጓል፣ ውሃው ደፍርሷል፤ ሽታውን ደግሞ አውቀዋለሁ። የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

«መምህር፣ ይሄ ውሃ ታሟል» አልኳቸው።

«ውሃ ይታመማል እንዴ?»

«ይታመማል እንጂ! መጀመሪያ የሚታመመው ውሃው ነው። ዓሣው ቀጥሎ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁና ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ብርጭቆውን በመስኮት ደፍተው፣ «በይ ለሚቀጥለው ደግሞ ይህንኑ ጻፊልኝ» አሉ። «ጭቃውማ የሁላችንም ነው። ይሄ ግን ያንቺ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።»

የኔ ብቻ የሆነው ነገር እንግዲህ ይኸውላችሁ።

ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። አባባ ያኔም እንደ ዛሬው ቀራንዮ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበረው። አንዲት ልብስ ሰፊ ጣሊያን ጓዟን ሸክፋ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትል፣ አባባ ወንበሮቿን ሊገዛ ሄደ። ሲመለስ ከወንበሮቹ ጋር አንድ ትልቅ የመስታወት ሳጥን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ከጋሪው ጎን ደግሞ ራሱ ባልዲ ይዞ፣ እንደ ታቦት ተሸካሚ እየተጠነቀቀ ይራመዳል።

እማዬ ባልዲው ውስጥ አየች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ዓሣ።»

«ለምሳ?»

«ለማየት።»

«ለማየት!» አለች እማዬ። «እኛ ምን ሆነን ነው?»

አባባ የነጋዴ ልጅ የነጋዴ የልጅ ልጅ ነው፤ ያላሰበበትን አያመጣም። «ሻይ ማንም ቤቱ ይጠጣል» አላት። «ዓሣ ግን ማንም ቤት የለም።»

እውነቱን ነበር። ሳጥኑ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀመጠ፣ ጠጠር ተነጠፈበት፣ ስድስቱ ዓሦች ተለቀቁበት። አምስቱ እንደ በሰለ ብርቱካን ቀይ፣ አንዷ ነጭ። በሳምንቱ ሻይ ቤቱ መቀመጫ ጠፋበት። ከሳንሱሲ ድረስ በእግሩ ዓሣ ሊያይ የመጣ ሰው አለ። እኔ ያለ ተቀናቃኝ የሳጥኑ ዘበኛ ሆንኩ። ትልቋን ብርቱካን አልኳት። ጅራቱን እየጎተተ በሰልፍ የሚሄደውን ሻምበል አልኩት። አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ በጣሊያንኛ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። የማውቀው ጣሊያንኛ «ቻው» ብቻ ስለሆነ ጠዋት ስመጣም ቻው፣ ማታ ስሄድም ቻው እላቸዋለሁ።

ጣሊያኗ ስታስረክብ ምግባቸውን በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ አሳይታው ነበር፤ ይህችን ታህል፣ በቀን አንዴ። አባባ ይህን ሲነግረን ስቆ ነው። «የጣሊያን ነገር፣ ለእንግዳም በጣት ነው» አለ። የኛ ቤት ዓሣ በጣት ሊኖር ነው እንዴ?

እዚህ ላይ ከባላምባራስ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ባላምባራስ ይመር በየቀኑ የሚመጡ የአባባ ደንበኛ ናቸው። ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት ይለብሳሉ፣ ከዘራ ይይዛሉ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሳጥኑ አጠገብ ያለው ወንበር የሳቸው ሆነ። ቦምቦሊኖ ያዝዙና፣ ራሳቸው ከመቅመሳቸው በፊት ቆርሰው ለዓሦቹ ያጎርሳሉ። አንድ ጉርሻ ብቻ ደግሞ ነውር ስለሆነ ይደግማሉ።

«ብይ እንጂ! በሞቴ! ይህችን ብቻ! ጃንሆይ ይሙቱ፣ ይህችን ካልበላሽ ተቀያየምን!»

ዓሣ ሲለመን እምቢ አይልም። ሌላው ደንበኛም ባላምባራስ ያጎረሱትን እሱ ቢነፍግ ስስታም እንዳይባል ይቆርሳል። እኔም የራሴን እቆርሳለሁ። ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው፣ ስድስት ዓሣ ፊት ተደርድሮ፣ በሞቴ ሲባባል ይውላል።

ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ጠዋት መጣሁ፤ ዓሦቹ ሁሉ አናት አናቱ ላይ ወጥተዋል። አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ።

«ርቧቸዋል!» አሉ ባላምባራስ፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳይቆልፉ። «ወልዴ! ዓሣዎችህ በረሃብ ሊያልቁ ነው! ኧረ ቦምቦሊኖ!»

አባባ ቦምቦሊኖ አመጣ። በማግስቱ ዓሦቹ ባሰባቸው፤ ቦምቦሊኖውም በዛ። በሦስተኛው ቀን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ሽታ ገባ። መጀመሪያ ማንም ሳጥኑን አልጠረጠረም። ዝናብ ስለሆነ፣ ጫማ ስለሚረጥብ፣ ደንበኛው አንዱ በሌላው ካልሲ ያሳብባል። ብዙው ሰው የአባባ ካልሲ ነው ወደሚለው አዘነበለ።

እማዬ ግን አፍንጫ አላት። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተችና፣ «ኧረ ውሃው ነው!» አለች። እኔና እሷ ከቦኖ ውሃ ተመላልሰን ቀዳን፣ የድሮውን በሙሉ ደፋን፣ አዲሱን ከነቅዝቃዜው ገለበጥንባቸው። ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። በጣም ኮራን። በማግስቱ ጠዋት ነጯ ዓሣ በጎኗ ተንሳፍፋ አገኘኋት።

ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበርኳት። የቀሩት አምስቱም ደህና አይደሉም። ክንፋቸውን እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ከጎናቸው ለጥፈዋል። አንዳንዴ ደግሞ ድንገት ብድግ ብለው ጎናቸውን ጠጠሩ ላይ ያሻሉ፣ ልክ ቁንጫ እንደያዘው ሰው። ቀረብ ብዬ ሳይ ብርቱካን ጀርባ ላይ ጨው የተነሰነሰባት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አለ።

ደንበኛ የታመመ ዓሣ እያየ ሻይ አይወርድለትም። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። አባባ አንድ ማታ ሳጥኑ ፊት ቆሞ ብዙ አሰበና እንዲህ አለ፦

«እስከ እንቁጣጣሽ እንያቸው። ካልዳኑ ሳጥኑን የቦምቦሊኖ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ። መስታወት ስለሆነ ዝንብ አይገባበትም።»

በማግስቱ አናጢ ጠርቶ፣ ሳጥኑ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ ሊያሠራ ሳጥኑን በሜትር አስለካ። አናጢው ሜትሩን ሲዘረጋ ብርቱካን ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ታየዋለች። አስቡት! ሰው በቁሙ የሬሳ ሳጥኑ ሲለካለት! ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ግን አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ጋሽ አየለ።

ጋሽ አየለ ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ በድሬሰርነት ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የቆዳ ቦርሳቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ሰፈር ውስጥ ያስነጠሰ ሰው ካለ ቦርሳውን ይዘው ከተፍ ነው።

«በሽተኛው የታለ?» አሉ ሻይ ቤቱ እንደገቡ።

«እነዚህ ናቸው፣ ጋሼ።»

«አምስቱም?»

«አምስቱም።»

«ወረርሽኝ ነዋ!» አሉ፤ ደስ ያላቸው መሰለኝ። የእጅጌያቸውን ቁልፍ ፈትተው ወደ ላይ ሰበሰቡና የሰው የትኩሳት መለኪያቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጋሽ አየለ መለኪያውን አወጡ፣ አራገፉ፣ ደግመው ነከሩ፣ አወጡ።

«አልተነሳም» አሉ።

«ምን ማለት ነው?» አለ አባባ።

«በሰው ደንብ ከሆነ እነዚህ ዓሦች ከሞቱ ቆይተዋል።»

እማዬ አማተበች። ባላምባራስ ቆባቸውን አወለቁ። ጋሽ አየለ ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም፤ ወደ ጥያቄ ገቡ።

«ምግብ ይበላሉ?»

«እንዴታ!» አሉ ባላምባራስ። «በኔ እጅ።»

«ሆዳቸውስ ይሠራል?»

ይህን ማን ጠይቆ ያውቃል?

«አንቺ ብርቄ» አሉኝ። «ነገ ጠዋት፣ በባዶ ሆዳቸው እያሉ፣ ዓይነ ምድራቸውን በክብሪት ቀፎ፣ የሚዋኙበትን ውሃ በንጹሕ ብልቃጥ አድርገሽ ታመጪልኛለሽ። ሌላ ብልቃጥ ደግሞ የቦኖ ውሃ። እንዳታምታቺ!»

አላምታታሁም። የዓሣ ዓይነ ምድር በሻይ ማንኪያ እያሳደዱ መያዝ እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ! ቀጭን ክር ናት፤ ያዝኳት ስትሉ ትሸሻለች። ክብሪት ቀፎዬን በሁለት እጄ ይዤ ሰፈሩን ሳቋርጥ ክርስትና የማስነሳ ያህል ኮርቼ ነበር።

ጋሽ አየለ ክብሪት ቀፎውን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩና «እህ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲያ ስለሱ አንስተው አያውቁም። በብልቃጦቹ ላይ ግን ሙያቸውን አየሁ። የዓሦቹን ውሃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱና ከበስተጀርባው አሮጌ ጋዜጣ ያዙ።

«አንብቢ።»

«አይታይም፣ ጋሼ።»

የቦኖውን አነሱ። «አንብቢ።»

ፊደሉ ወለል ብሎ ታየኝ፣ ተነበበኝ።

«እንግዲህ ፊደል የማያስነብብ ውሃ የታመመ ውሃ ነው። አሁን ደግሞ አሽትቺ፤ ሁለቱንም።»

የመጀመሪያው ያ ሽታ ነው፣ የካልሲው። ሁለተኛው ግን ሰነፈጠኝ፤ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ።

«ምን ምን ይልሻል?»

«ሆስፒታል ሆስፒታል።»

«ጎበዝ! ተውሳክ የሚገድል መድኃኒት ቧንቧው ውስጥ ይጨምሩበታል። ለኛ ደግ ነው። ለተውሳክ ያልራራ ግን ለዓሣ ይራራል? ከቦኖ የቀዳሽው ውሃ ባልዲ ላይ ሳይከደን ይደር፤ ሽታው ይብረር፤ ቅዝቃዜው ይሰበር። ከዚያ በትንሽ በትንሹ።»

ስለ ውሃው እንዲህ አወቁ። በሽታው ላይ ግን ተያዙ። ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ፊት ቆመው ነጠብጣቡን በማጉያ መነጽር እያዩ «እንዲህ ያለ ሽፍታ…» ሲሉ፣ እትዬ በለጡ ገባች። እትዬ በለጡ የእማዬ ባልንጀራ ናት፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያስታመመች እኔ ነኝ ትላለች። አንዴ አየችና፣

«ኩፍኝ ነው!» አለች።

ጋሽ አየለ ቀና አሉ። «ኩፍኝ ቀይ ነው፣ ወይዘሮ በለጡ።»

«ታዲያ ቀይ ዓሣ ላይ እንዴት ቀይ ሆኖ ይውጣ? ማን ሊያየው? ነጭ ሆኖ ነው እንጂ!»

ጋሽ አየለ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ፤ ራሳቸው ዓሣ መሰሉ። ሰዉ ሁሉ የእትዬ በለጡን አእምሮ እያደነቀ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ትኩሳት የሌለው ኩፍኝ» አሉ። «አልፎ አልፎ ያጋጥማል።»

ኩፍኝ ከሆነ ሕጉን የማያውቅ የለም። ጨለማ ይሁን፣ ሙቀት ይሁን፣ የሚቆላ ነገር ሽታ አይድረስባቸው፣ ከውጭ የገባ ሰው ዓይኑን አይጣልባቸው። ሳጥኑ ውሃው ተቀንሶለት በአራት ወንድ ጓዳ ገባና ማድቤቱን ተደግፎ፣ የምድጃው ሙቀት በሚደርስበት ጥግ ተቀመጠ። እትዬ በለጡ ጥቁር ብርድ ልብስ አለበሰችው። ኩፍኝ ያላለፈበት ሰው አይገባም ስለተባለ፣ አምና ኩፍኝ ያለፈብኝ እኔ አስታማሚ ሆንኩ።

ጋሽ አየለም በየቀኑ ብቅ እያሉ ሐኪምነታቸውን አላቋረጡም። አንድ ቀን ለጉሮሮ ጥሩ ነው ብለው የጨው ውሃ አዘዙ።

«ዓሣ እንዴት ይጉመጠመጣል?» አለ አባባ።

«አንተ ደግሞ! ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ሳይወድ በግዱ ይጉመጠመጣል።»

ትንሽ ጨው ተጨመረ።

ባላምባራስ ይመር ግን ኩፍኝ አላለፈባቸውም፤ ወይም አያስታውሱም። በየጠዋቱ ጓዳው በር ድረስ መጥተው ከዘራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። «እንዴት አደሩ?» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በመሐረብ የተቋጠረ ቦምቦሊኖ ይዘዋል፤ በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅማ። እማዬ «ባላምባራስ፣ ለኩፍኝ ከውጭ የመጣ አይሰጥም፤ ይተላለፋል» ትላቸዋለች። መሐረባቸውን እንደቋጠሩ ይመለሳሉ። ከሳጥኑ ሥፍራ ባዶ ግድግዳ አጠገብ ተቀምጠው ሻያቸውን ብቻቸውን ይጠጣሉ።

እማዬ ራሷ ግን መታገሥ አልቻለችም። እኔ ፍልሰታን ስጾም ዓሦቹም አብረውኝ የሚጾሙ መስሏት አዘነች። አንድ ቀን በድስት የገብስ አጥሚት ሠርታ ማማሰያውን እንደያዘች ጓዳ ገባች።

«ላጠጣቸው ነው፤ ምን ይሆናሉ? ለአራስ የሚሆን ለኩፍኝ አይሆንም?»

ጋሽ አየለ በሩ ላይ ነበሩ። «ቁሚ!» አሉ። «ፔኒሲሊን እንኳ ሲሰጥ መጀመሪያ ጠብታዋ ክንድ ላይ ተሞክራ ነው። ብርቄ፣ ከሳጥኑ ውሃ በማሰሮ ቅጂ።»

ማርመላታ የነበረበት የመስታወት ማሰሮ አመጣሁ። ውሃ ቀዳን፣ አንድ ማንኪያ አጥሚት ጨመርንበት፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። ዓሦቹ ምንም አልበሉም። እማዬ አኮረፈች።

በማግስቱ ማሰሮውን ሳነሳ እጣቢ ሆኗል። በሁለተኛው ቀን ክዳኑን ከፈት አደረግሁና ደነገጥኩ፤ ሻይ ቤቱ መጣብኝ። ያ የሐምሌው ሽታ! ያ የካልሲው! ማሰሮው ውስጥ ዓሣ የለም፣ ካልሲም የለም፣ አጥሚት ብቻ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ሳጥኑን አሸተትኩ። ምንም። ዝናብ የመታው ድንጋይ ብቻ ይሸታል።

ጋዜጣ አምጥቼ ከሳጥኑ ጀርባ ያዝኩ። የሚገርማችሁ፣ ፊደል አለ! በየጠዋቱ ይህን ማድረግ ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ የሚነበበው ትልቁ ርእስ ብቻ ነበር፤ ቀስ እያለ ከርእሱ ሥር ያለው መጣ፤ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ትንንሹን የሙት ማስታወቂያ ሁሉ በብርቱካን ጅራት በኩል እያየሁ አነብ ነበር። በጋሽ አየለ ትእዛዝ፣ እንደ ቀድሞ ባለቤታቸው እንደ ጣሊያኗ በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ፣ በቀን አንዴ ብቻ እሰጣቸዋለሁ። ነጠብጣቡ እየረገፈ ሄደ። አንድ ጠዋት ሻምበል ክንፉን ዘርግቶ፣ ጅራቱን እየጎተተ ሰልፉን ጀመረ። እየጮህኩ ልወጣ ነበር፤ ለኩፍኝ ጩኸት ክልክል መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ።

አፋቸውን ከውሃ በላይ የሚያወጣ አንድም ዓሣ የለም። ይህን ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሲበሉ ይለምናሉ፤ ሳይበሉ አይለምኑም። እንግዲያው ልመና አልነበረም ማለት ነው።

ለጋሽ አየለ ነገርኳቸው። «ትንፋሽ ነዋ» አሉ። «ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።» ለሌላ ሰው ግን አልተናገሩም፤ እትዬ በለጡ እንዳትሰማ ይመስለኛል።

የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ደረሰ። እንቁጣጣሽ ነገ ነው። አናጢው መደርደሪያውን ሠርቶ፣ ልጦ፣ ቀብቶ ተሸክሞ መጣ። አባባም «ውጡ እንግዲህ» አለና ሳጥኑ ወደ ቦታው፣ ከጃንሆይ ሥር ተመለሰ። ብርድ ልብሱን እስኪገልጡ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። አናጢው መደርደሪያውን ከግድግዳው አስደግፎ፣ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

እትዬ በለጡ ብርድ ልብሱን ሳበችው።

አምስቱም ጸሐይ የወጣባቸው መስለው ወጡ። ቀይ፣ የሚያብረቀርቁ፣ አንድም ነጠብጣብ የሌለባቸው! እትዬ በለጡ እልልታውን ለቀቀችው፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ጋሽ አየለ እንደ ሙሽራ አባት እጅ ይነሳሉ። አባባ «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ በፎጣው ፊቱን ጠረገ። ያኔ ባላምባራስ ሰው እየገፉ መጡ። በእጃቸው ሙሉ ቦምቦሊኖ ይዘዋል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ልጆቼ» አሉ። «ወር ሙሉ ጾማችሁ! ዛሬማ እኔ ነኝ የማካክሰው!»

ቦምቦሊኖውን ለሁለት ገምሰው እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ዘረጉ።

መታኋቸው።

እጃቸውን ነው፤ በጥፊ። ጧ! ብሎ ተሰማ። ቦምቦሊኖው አናጢው እግር ሥር ተንከባለለ። እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። በዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ፣ ባላምባራስ! በጃንሆይ ፊት!

«ወይኔ ልጄ አበደች!» አለች እማዬ።

«አንቺ ባለጌ!» አባባ ቀበቶውን ይፈታል። ሲናደድ በጉራጊኛ ነው፤ የቀረውን አልተረጎመልኝም።

ባላምባራስ የተመታች እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ያዩዋታል። «ምን አደረግኩሽ?» አሉኝ፤ ሳይቆጡ። ባይቆጡ ነው የባሰብኝ።

ሮጥኩ። ሁሉም የሸሸሁ መሰላቸው። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ያን ማሰሮ ከመስኮቱ አነሳሁና ይዤ ተመለስኩ። ክዳኑን ከፍቼ ባላምባራስ አፍንጫ ሥር ያዝኩት።

«ያሽትቱልኝ።»

አሸተቱ። አንገታቸው ወደ ኋላ ሄደ። «ይሄ… ይሄ የወልዴ ካልሲ አይደለም?»

«የማን ካልሲ?» አለ አባባ፤ ቀበቶው በእጁ እንዳለ።

«አጥሚት ነው!» አልኩ። «የእማዬ አጥሚት። ውሃ ውስጥ ሲያድር እንዲህ ይሆናል። ቦምቦሊኖም ያው ነው። ውሃውን ያሳመመው እሱ ነው። ዓሦቹ ወደ ላይ የመጡት ርቧቸው አይደለም፣ ባላምባራስ። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። እኛ ደግሞ በሞቴ እያልን እንጨምርባቸዋለን!»

ማሰሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ያሸተተ ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ለጎረቤቱ አሳለፈ። ባላምባራስ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«እንዲያ ከሆነ ነጯን እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ።

«የለም» አሉ ጋሽ አየለ ፈጥነው። «ነጯስ የሞተችው በቦኖ ውሃ ነው።»

«እኔ ነኝ ማለትዎ ነው?» አለች እማዬ።

«እኔ ስም አልጠራሁም፣ ወይዘሮ።»

«ባልዲ የያዝኩት እኔ ነኛ!»

«ኩፍኝስ?» ጮኸች እትዬ በለጡ። «ኩፍኙን የት አደረሳችሁት? ባላለብሳቸው ኖሮ ማን ያተርፋቸው ነበር?»

ይህን ማንም ሊክድ አልቻለም። ብርድ ልብሱ ባይኖር ቦምቦሊኖው ባልቆመ ነበር። ሁሉም በየፊናው ገድሎ፣ ሁሉም በየፊናው አድኖ ተገኘ። መጀመሪያ የሳቀው አናጢው ነው። ከዚያ አባባ ቀበቶውን እየታጠቀ ሳቀ። በመጨረሻ ባላምባራስ፣ ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ።

እጅ መምታት ግን እጅ መምታት ነው ተባለና ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። አናቴን በተመታችው እጃቸው ዳበስ አደረጉኝ። «ከእንግዲህ እኔ ነኝ ዘበኛው» አሉ። እውነትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘራቸውን መስታወቱ ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። እንጀራ ቆራሽ፣ ዳቦ ፈርፋሪ እጁን ከዘረጋ «አይሞከርም! ትንፋሽ ያጥራታል!» ይላሉ፤ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት ይመስላል።

መደርደሪያውስ? አባባ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ከዓሦቹ በጣም ርቆ እንዲመታ አደረገ። ቦምቦሊኖው እዚያ ነው። ጋሽ አየለ ደግሞ ስለ በሽታው ዛሬ ቢጠየቁ «ትኩሳት የሌለው ኩፍኝ» ነው የሚሉት፤ አልተበገሩም።

ትናንት ማታ ይህን ልጽፍ መሆኔን ስነግረው አባባ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ «እንግዲያው አንባቢዎችሽን ሁሉ ከኔ ጋር ሻይ ጥሪልኝ» አለኝ። ጥሪውን ይኸው አድርሻለሁ። ቀራንዮ መንገድ፣ ጭቃውን ተሻግራችሁ፣ ዓሣ ያለበት ሻይ ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ የማያሳያችሁ የለም። ባላምባራስም የሳጥኑን ጎን ወንበር ለአንባቢ ሊለቁ ተስማምተዋል፤ አንድ ሻይ እስኪያልቅ ብቻ። ብትችሉ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። ውሃ የምቀይረው ያኔ ስለሆነ እጅጌውን ለሚሰበስብ እንግዳ ባልዲ አላጣም።